የቀትር እንቅልፍ በሬሳ ሣጥን

ቪየና መጥቶ ቤተ መንግሥቱም ኬኩም ያንገሸገሸው ጎብኚ መጨረሻው እኛ ሰፈር ነው። እኛ ሰፈር አንድ ምድር ቤት ውስጥ ትንሽ ሙዚየም አለ፤ ትኬት ይቆርጡልህና ሬሳ ሣጥን ውስጥ ያስተኙሃል። ክዳኑ ይዘጋል። ፍርሃቱ ሲብስብህ በእጅህ የያዝከውን ገመድ ትስባለህ፤ ላይ ትኬት ቤቱ ጋ ደወል ይጮኻል። ድሮ ሰዎች ከነነፍሳችን እንቀበራለን ብለው ሲሰጉ የፈለሰፉት ነው። ጎብኚዎቹ እየሳቁ ይወጣሉ፤ የፊታቸው ቀለም ግን እስኪመለስ ይቆያል።

ሙታን በሚታሰቡበት ቀን፣ ከተማው በጉም ተውጦ ሳለ፣ ከሮተርዳም የመጡ ባልና ሚስት ተራቸው ደርሶ ክዳኑን ሲያነሡ ውስጡ ሰው ተጋድሟል። የሰም ምስል መስሏቸው ሳቁ። ሰውየው የሙዚየሙ ባለቤት፣ አቶ ሌዎፖልድ ዛፕሌታል ነበሩ። ሞተዋል።

መርማሪ ትሩደ ናቭራቲል ስትደርስ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ነበር።

«ልባቸው ነው» አላት።

«ጥፍራቸውንስ አይተኸዋል?»

ጥፍሮቹ ተሰባብረዋል። የክዳኑ የውስጥ ሐር ተቧጥጦ ተተልትሏል። ሐኪሙ ጓንቱን መልሶ አጠለቀ።

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ናቭራቲል ጫማዋን አውልቃ ሣጥኑ ውስጥ ተኛች። አብሯት የመጣው ፖሊስ አማተበ።

«ዝጋው» አለችው።

ውስጡ የራሷን ትንፋሽ ብቻ ሰማች። ራስጌዋ ላይ አውራ ጣት የምታህል የአየር ቱቦ ነበረች። ገመዱን ሳበችው፤ ደወል አልጮኸም፤ ገመዱ ተጠቅልሎ ደረቷ ላይ ወደቀ። ጫፉ በስለት ተቆርጧል። ከቱቦዋ አፍ በጣቷ አንዲት አረንጓዴ የሱፍ ክር አወጣች። ስትወጣ ከንፈሯ ነጥቶ ነበር።

«ከውጭ በብሎን ቆልፈውባቸዋል» አለች፣ በክዳኑ ጠርዝ ላይ ያሉትን የብሎን ቀዳዳዎች እያሳየች። «አየሩንም ወትፈውታል። ሲያበቃ ብሎኑን ፈቱ፣ ውታፉን ነቀሉ፣ ሄዱ።»

የሟቹ ሚስት፣ ወይዘሮ ሄርሚነ፣ ላይ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠው ነበር።

«በየቀኑ ከምሳ በኋላ እዚያ ይተኛል» አሉ። «ክዳኑን ዘግቶ። "ኪራይ የማይከፈልበት አልጋ" ይለዋል። ሲነቃ ይደውላል፤ ቡናውን ይዤለት እወርዳለሁ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ተጣልተናል። መስኮት ያለው ቤት እንግባ፣ ከሙታን ጋር መኖር ሰለቸኝ አልኩት። ምሳውን ሳያናግረኝ በልቶ ወረደ። በኋላ ደወሉን ሰማሁ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ቅጥን ያለ ነበር፤ ግን ሰምቼዋለሁ። ይደውል፣ ዛሬ ራሱ ያፍላ ብዬ ተቀመጥኩ።» ድንገት የመርማሪዋን እጅጌ ያዙ። «ሌላው ሁሉ ይቅር። ይህን ብቻ ይንገሩኝ፤ ሲጠራኝ የነበረ ሰው ሳልሄድለት ነው የሞተው? ጠርቶኝ ነበር?»

ያ ጥያቄ ናቭራቲልን ከገዳዩ ማንነት ይልቅ ከበዳት።

ትኬት ቆራጯ ሮስቪታ ፖኮርኒ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ደወሉ ከመቀመጫዋ በላይ፣ ልትነካው በምትችልበት ቦታ ተሰቅሏል።

«ከምሳ በኋላ ምን ሰማሽ?»

«ምንም። ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም፤ ስልኬን እያየሁ ነበር። ይኸው ተናዘዝኩ፣ ይሰሩኝ።»

«አባረውሽ ነበር አሉ።»

«ማክሰኞ ያባርረኛል፣ ረቡዕ ጣፋጭ ዳቦ ገዝቶልኝ ይመጣል። እንዲህ ነው ሽማግሌው።» እየሳቀች ጀምራው ዕንባዋ መጣ።

«ወደ ታች የወረደ ሰውስ አላየሽም?»

«በዚህ አልወረደም። የጓሮው በር ግን አለ፤ ቁልፉ ሁላችንም ጋ አለ።»

ያን ጊዜ አስጎብኚው ፈርዲናንድ ቬሰሊ ገባ። ረጅም፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው፤ የሙታኑን ተረት ሁሉ ለጎብኚ የሚተርከው እሱ ነው። በዚያ ብርድ አንገቱ ባዶ ነበር፤ እንደ ተነጨ ዶሮ ቀልቷል። ከወጥ ቤታቸው ወርደው ትኬት ቤቱ ደጃፍ በቆሙት በወይዘሮ ሄርሚነ ፊት ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ።

«ወይዘሮ ፕሮፌሰር፣ ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው።»

እኛ ከተማ ሰውን ያለ ማዕረጉ መጥራት ልብሱን እንደ መግፈፍ ይቆጠራል፤ የባል ማዕረግም ለሚስት ይተርፋል። ወይዘሮ ሄርሚነ ግን ግራ ገብቷቸው ቀና አሉ። ናቭራቲል እሳቸውን አየች።

«አቶ ቬሰሊ፣ ሟቹን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ትናንት። ዛሬ ቀኑን ሙሉ መካነ መቃብር ነበርኩ፣ ለአዲስ ጉብኝት ተረት ስለቃቅም። በስልክም አልተገናኘንም።»

«ይቅርታ፣ አንድ ስልክ ልደውል» ብላ ናቭራቲል ወጣች።

ስትመለስ ሁሉንም ወደ ምድር ቤት አወረደቻቸው። ሣጥኑ እንደ ተከፈተ ነበር። ማንም አጠገቡ መቆም ስላልፈለገ ግድግዳ ግድግዳውን ያዙ።

«በገመዱ ልጀምር» አለች ናቭራቲል። «አቶ ሌዎፖልድ ታፍነው ጥፍራቸው እስኪሰበር ታግለዋል። ገመዱን ሳይስቡ አይቀሩም። ከደወሉ ሥር የተቀመጠችው ሮስቪታ ግን ምንም አልሰማችም። ስለዚህ ገመዱ የተቆረጠው እሳቸው ከመተኛታቸው በፊት ነው።» ወደ ሚስቲቱ ዞረች። «ወይዘሮ ሄርሚነ፣ ደወል አልነበረም። ያልሄዱበት ጥሪ የለም።»

«ሰምቼዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ሄርሚነ በቀስታ።

«ገዳዩ የቀትር እንቅልፋቸውን ያውቃል፣ ቁልፍም አለው። ከሦስታችሁ ማንኛችሁም ልትሆኑ ትችላላችሁ። ከዚያ ይቺ ክር አለች፤ አረንጓዴ ሱፍ ናት። አቶ ቬሰሊ፣ የአንገት ልብስዎ የት ነው?»

«ጠፍቶብኛል።»

«አረንጓዴው?» አለች ሮስቪታ። «ትናንት እኮ አንገትህ ላይ ነበር!»

«የአንገት ልብስ ይጠፋል» አለች ናቭራቲል። «ወይዘሮ ሄርሚነ፣ ባለቤትዎ ፕሮፌሰር ነበሩ እንዴ?»

«ሌዎ? ኧረ ሁለተኛ ደረጃንም አልጨረሰ!»

«ነበሩ፤ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ። መንግሥት የክብር ማዕረግ ሰጥቷቸዋል። የሚመለከተውን ቢሮ ጠየቅሁ፤ በስልክ ያበሠሯቸው ዛሬ ጠዋት ነው፣ ገና ለማንም አልተገለጸም። እርስዎ በኩርፊያው ምክንያት አልሰሙም። ዛሬ አላየኋቸውም፣ በስልክም አላገኘኋቸውም ያለው ሰው ግን እጅዎን ስሞ "ወይዘሮ ፕሮፌሰር" አለዎት።»

ቬሰሊ ከንፈሩን ነከሰ።

«ማዕረግ እያለ አለመጥራት ነውር ነው» አለ እንደ ማንሾካሾክ። ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «ሣጥኑ የኔ ሐሳብ ነበር! ገመዱም፣ ተረቱም የኔ! ጠዋት ጠርቶ "ፈርዲ፣ ፕሮፌሰር ሆንኩ" አለኝ። የኔን ስም አንዴ እንኳ አላነሣም። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ! ቀትር ላይ በጓሮ ተመለስኩ፤ ገመዱን ቆርጬ፣ እስኪተኛ ተደብቄ ጠበቅሁት።»

ፖሊሱ ካቴና አጠለቀለትና ወደ ደረጃው ወሰደው። ወይዘሮ ሄርሚነ መንገዱን ዘጉ።

«እርስዎ አጠገቡ ነበሩ። ምን አለ?»

«ይቅርብዎ፣ ወይዘሮ ሄርሚነ» አለች ናቭራቲል።

ቬሰሊ አንገቱን ደፋ። «መጀመሪያ ገመዱን ሳበው መሰለኝ፤ ቀጥሎ በአፉ ተጣራ። እኔን አልሰደበም፣ ድረሱልኝም አላለም። "ሄርሚ" ነው ያለው፤ "ሄርሚ፣ ሄርሚ"። ድምፁ ከሣጥኑ አይወጣም፤ እኔም የሰማሁት ጆሮዬን ክዳኑ ላይ አድርጌ ነው።»

ከምድር ቤቱ እስከ ወጥ ቤቱ ሁለት ፎቅ ድንጋይ አለ። ናቭራቲል ይህን ታውቃለች። ሮስቪታ ግድግዳውን ለቅቃ ፖሊሱ ጎን ተጠጋች።

ወይዘሮ ሄርሚነ የጠየቁትን እንዳገኘ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሰምቼዋለሁ አላልኩዎትም?» አሉ መርማሪዋን። «ተኳርፈን እንኳ የጠራው እኔን ነው። እኔ ግን ተቀመጥኩ።»