ኮምፒዩተሩና ምርቃቱ

«ቆይ፣ የኮምፒዩተሩን የጎን መስታወት ላንሳላችሁ» አለ ሙሀመድየሱፍ፤ አራቱን ብሎኖች በጣቱ ፈታቸው። ሔራን ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጎንበስ አለች። ስምንት ወር ሙሉ በስልኳ እያጎላች ስታየው የኖረችው ግራፊክስ ካርድ ከአፍንጫዋ አንድ ስንዝር ርቆ ተሰክቷል። ጥቁር ነው፣ ወፈር ያለ፣ ሁለት ማራገቢያ ያለው። ደስታዋን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

ግሽ አባይ ሰፈር ያለው ይህ የኮምፒዩተር ሱቅ የሙሀመድየሱፍ ነው። እህቱ ሰሚሐ ደግሞ የሔራን የዘጠነኛ ክፍል ጓደኛ ናት። ሁለቱ ልጆች በኢንተርኔት የመኪና እሽቅድምድም ጌም በአንድ ቡድን ይጫወታሉ። ሰሚሐ በወንድሟ ኮምፒዩተር እንደ ልቧ ትከንፋለች። ሔራን ግን በእናቷ አሮጌ ላፕቶፕ ነው የምትጫወተው፤ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ስክሪኑ ድርቅ ይላል፣ ሲመለስ መኪናዋ ገደል ገብታለች። ከዛሬ በኋላ ግን ገደል የሚባል ነገር አይኖርም።

ሊገዛላት አብሯት የመጣው አባቷ ዓምደ ሚካኤል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነው። ኮምፒዩተር አያውቅም፤ ማሽን ግን ያውቃል። መነጽሩን ጠርጎ መለሰና ጣቱን ወደ ውስጥ ቀሰረ።

«ሙቀቱ በየት ነው የሚወጣ?»

«በኋላ በኩል፣ ጋሼ። የፊቶቹ ማራገቢያዎች ቀዝቃዛ አየር ያስገባሉ፣ የኋላው ያስወጣል።»

«የኛም ፋብሪካ እንዲሁ ነው» አለ አባቷ፣ ፊቱ እየበራ።

ሙሀመድየሱፍ ማብሪያውን ሲጫነው ሳጥኑ ውስጡ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ ሆነ። ሰሚሐ ከባንኮኒው ጀርባ «ፓ፣ ቀወጢ ነው!» አለች።

«ይህ መብራትስ ምን ይሠራል?»

«ምንም አይሠራም ጋሼ፤ ለማማር ነው።»

አባቷ ከት ብሎ ሳቀ። ሔራንም ሳቀች፤ አባቷ ማሽኑን እንደወደደው ገብቷታል። አንድ ነገር ግን ደብቃዋለች። አባቷ እሺ ያለው «የአይሲቲ መምህራችን ግራፊክስ ካርድ ያለው ጠንካራ ኮምፒዩተር ግዙ ብለዋል» ስላለችው ነው። መምህር ፍሬ ስብሐት እንዲህ ያለ ነገር ካፋቸው አልወጣም። አባቷ ትምህርት ከተባለ አንጀቱ አይችልም፤ ይህንን እያወቀች ነው የዋሸችው።

በዋጋው ተከራክረው ተስማሙ። አባቷ ግን ምርቃት ሳይቀበል ከሱቅ የሚወጣ ሰው አይደለም፤ ሽንኩርት ሲገዛ እንኳ ሁለት ራስ ያስጨምራል።

«በል እንግዲህ፣ መርቅልን።»

«ማውሱንና ኪቦርዱን ሰጠኋችሁ እኮ፣ ጋሼ።»

«እነሱማ የራሱ የኮምፒዩተሩ ናቸው። ምርቃት አይባሉም።»

ሙሀመድየሱፍ እጁን አነሳ። «እሺ፣ ተሸነፍሁ። ጌም እመርቅላታለሁ። አዳዲሶቹን አንድም ሳይቀር እጭንላታለሁ። ለዚሁ አይደል የምትገዙት?»

ሰሚሐ ወንድሟን በክርኗ ጎሸመችው፤ ግን አንዴ ካፉ ወጥቷል።

«ለምኑ?» አለ አባቷ። «ለትምህርት ነው እንጂ።»

ሙሀመድየሱፍ ግራ ተጋብቶ አንዴ ሔራንን፣ አንዴ አባቷን አየ። «ለትምህርት ብቻ ከሆነማ አላታልልዎትም። ያችኛዋ ትበቃታለች።» መደርደሪያው ጥግ ላይ ያለች፣ የጫማ ካርቶን የምታክል ግራጫ ኮምፒዩተር አሳየው። ካርድ የላትም፣ መብራት የላትም። «ዋጋዋም የዚህን ግማሽ አይሞላም።»

«ተባረክ። እንዳንተ ያለ ነጋዴ ጥሩ ነው» አለ አባቷ። «ታዲያ መምህሯ ካርድ ያለው ያሉት ለምን ይሆን?»

«እንጃ፣ እሳቸውን ቢጠይቋቸው ይሻላል።»

«ልክ ነህ። ቁጥራቸው አለኝ፣ የወላጆች ስብሰባ ቀን ሰጥተውኛል።» ስልኩን አውጥቶ መፈለግ ጀመረ።

ሰሚሐ በባንኮኒው ዞራ ወደ ሔራን ጆሮ ተጠግታ ሹክ አለቻት። «ቪዲዮ ኤዲቲንግ ልማር ነው በይው። እሱ የምር ካርድ ይፈልጋል። ቶሎ በይ፣ ጊዜ የለም!»

ጥሩ ውሸት ነበር። አባቷ ያምናታል፣ ስልኩን ይመልሳል፣ ጥቁሩ ኮምፒዩተር ዛሬውኑ ጠረጴዛዋ ላይ ይቀመጣል። ስልኩ መጥራት ጀመረ። አንድ ጊዜ ጠራ። ሁለት ጊዜ ጠራ።

«አባዬ።»

«እ?»

«መምህር አላሉም። እኔ ነኝ ያልሁት። ለጌም ነው የፈለግሁት።»

«ሄሎ?» አለ የመምህር ፍሬ ስብሐት ድምፅ ከስልኩ ውስጥ። «ሄሎ፣ ማን ልበል?»

አባቷ ሔራንን አያት። ጆሮዎቹ ቀልተዋል። «ጤና ይስጥልኝ መምህር፣ የሔራን አባት ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ተሳስቼ ነው የደወልሁት» አለና ዘጋው።

ሔራን ደነገጠች። አባቷ ሥራ አምስት ደቂቃ ቢያረፍድ እንኳ ምክንያት የማይፈጥር ሰው ነው። አሁን ግን ለሷ ብሎ በሰው ፊት ዋሸ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ዛሬ አንገዛም፣ ልጄ» አለው ሙሀመድየሱፍን። «አለፋንህ።»

ከሱቁ ወጥተው ከተማው ዳር እስካለው ሐይቅ ድረስ በእግራቸው ሄዱ። አንድ ዋርካ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አንድ ሰው ማገዶ የጫነ ታንኳውን እየቀዘፈ በፊታቸው አለፈ። አባቷ በዓይኑ ሸኘው።

«ቆይ ግን፣ ጨዋታው ያን ካርድ እንደዚያ የሚያግለው ምን ቢያሠራው ነው?»

ሔራን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች። ካርዱ የሚታየውን ሁሉ ይስለዋል፤ መንገዱን፣ አቧራውን፣ መስታወቱ ላይ ያለችውን የዝናብ ጠብታ ሳይቀር። መኪናው ሲንቀሳቀስ እንደገና ይስለዋል።

«በሰከንድ ስንት ጊዜ?»

«ስልሳ። ጥሩ ካርድ ከሆነ መቶም ያልፋል።»

«በሰከንድ?» አባቷ ወደሷ ዞረ። «ወይ ጉድ።»

እሷም ሳይታወቃት ተነስታ መሪ የያዘች ይመስል እጆቿን ዘርግታ የመጨረሻውን መታጠፊያ አሳየችው። ፍሬን የት እንደሚያዝ፣ ሰሚሐ ከኋላ እንዴት እንደምትጠብቃት፣ ሁሉንም። አባቷ ካቋረጣትም ለመጠየቅ ብቻ ነበር።

ደክሟት ተቀመጠች። «ለጌም ነው ብልህ ኖሮ እንቢ ትለኝ ነበር» አለች።

«እንጃ። መቼ ጠየቅሽኝ?»

ሰኞ ጠዋት ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አይሲቲ ነው፤ በስማቸው የዋሸችባቸውን መምህር ፊት ለፊት ታገኛቸዋለች።

«ስልክህን ስጠኝ።»

አባቷ ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ሔራን የመጨረሻውን ቁጥር ተጭና ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«መምህር፣ ሔራን ነኝ» አለች። «ቅድም አባቴ ተሳስቶ አይደለም የደወለልዎት።»