ከባምባው ሥር የቀረው አዳኝ

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ተረት ነው የምትል ከሆነ እዚሁ ላይ አቁም። እኔ የሰማሁት ከአድማሴ ከራሱ አፍ ነው። አድማሴ ደግሞ ለጨዋታ እንኳ ብሎ የማይዋሽ ሰው ነበር።

ጊዜው 1945 ዓ.ም. ነው፤ ግንቦት። ቀኑ እሑድ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ... ፀሐይዋ ገና በኃይል ስታቃጥል፣ ጎንደር ከተማ መሀል።

ጨለማ አልነበረም። ይህን ልብ በሉልኝ።

አድማሴ የአይከል ገበሬ ነው። ታላቅ ወንድሙ ማሩ ግን ከሞፈር ይልቅ ጠመንጃ የሚወድ አዳኝ ነበር። በየዓመቱ በጋ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ወደ ሽንፋ ወንዝ። ጎሽ ያድናሉ፣ አንበሳ ያድናሉ፣ ከቀናቸው ዝሆን። ዝናብ ሳይጥል ይመለሳሉ።

በዚያ ዓመት አራት ሆነው ወረዱ። ማሩ፣ አለቃቸው ዳኛው፣ ተክለ ጊዮርጊስና ሰጠኝ።

የተመለሱት ሦስት ናቸው።

ሰጠኝ ለማሩ ሚስት ለእንኳየሁ "ጎሽ ወጋው" አላት። ተክለ ጊዮርጊስ በማግሥቱ መጥቶ "የቆላ ንዳድ በሽታ ነው የገደለው" አለ። ዳኛው ደግሞ "የእግዜር ሥራ ነው፣ በክብር ቀብረነዋል" ብሎ ቶሎ ተነሥቶ ሄደ።

"አንድ ሰው ስንት ጊዜ ይሞታል?" አለችው አድማሴን።

እንባ ዓይኗ ላይ አልነበረም። 

"እሑድ ጎንደር ዳኛው ቤት ድግስ አለ። ዝሆን ገደለ ተብሎ ቅቤ ሊቀባ ነው። አዳኞቹ ሁሉ የዘንድሮውን አደን ያወራሉ። ሂድ። ተቀመጥ። ስማልኝ።"

አድማሴ ሄደ።

የዳኛው ቤት በሰው ተሞልቷል። ጠላው ይቀዳል፣ ሥጋው ይቆረጣል። ዳኛው ራሱን ቅቤ ተቀብቶ፣ የዝሆን ጭራ በእጁ ይዞ ከላይ ተቀምጧል። ቅቤው በአንገቱ ይወርዳል።

"ምነው አድማሴ፣ በር ላይ ተቀመጥህ? ወደ ውስጥ ግባ እንጂ" አለው።

"እዚህ ይሻለኛል፣ አያ ዳኛው።"

ከዳኛው ራስ በላይ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ምንሽር ተሰቅሏል። ሰደፉ በጎሽ ቆዳ የተጠቀለለ...

የማሩ ጠመንጃ ነው። ቆዳውን የሰፋው አድማሴ ራሱ ነበር።

ሊነሣ ቃጣው። ግን ተመልሶ ተቀመጠ። "ስማልኝ" ነው የተባለው።

ወሬውን የጀመረው ሰጠኝ ነው። ሰጠኝ ቀልደኛ ነው። ጎሽ አባርሮት እሾህ ዛፍ ላይ እንዴት እንደወጣ፣ ሱሪው እንዴት እንደቀረ ያወራል። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

"...ጎሹ ከሥር ይዞራል። እኔ ከላይ። እሱ ይዞራል፣ እኔ እጸልያለሁ። ከዚያ... ከዚያ እግሬን አየሁት። ወደ ኋላ ዞሯል። ተረከዜ ፊት ለፊቴ ነው።"

ሰዉ ሳቀ።

አድማሴ አልሳቀም። የሰጠኝን እግር አየ። ሁለቱም ደህና ናቸው።

ሰጠኝ አፉን በመዳፉ ጠረገ። "የት ደረስኩ?" አለ ጎኑ ያለውን ሰው።

"ዛፍ ላይ።"

"አዎ... ዛፍ ላይ።" ወሬውን ጨረሰ። ግን ከዚያ በኋላ ቀልዱ አላሳቀም።

ቀጥሎ ተክለ ጊዮርጊስ ተነሣ። ቁም ነገረኛ ሰው ነው፤ ሲያወራም ቀስ ብሎ ነው። ሽንፋን ሲሻገሩ አዞ በቅሎ ሊጎትትባቸው እንደነበር ይናገራል።

"ውሃው እስከ ደረት ነው። በቅሎዋን በልጓም ይዣለሁ። ውሃው ይጮሃል..."

ቆመ።

"ውሃው ይሰማኛል" አለ፤ ድምፁ ቀጥኗል። "ቅርብ ነው። መድረስ ግን አልቻልኩም። ሰጠኝን ጠራሁት። ሰጠኝ ዞር ብሎ አየኝ... ፊቱን መለሰ።"



ሰጠኝ የያዘው ዋንጫ ከእጁ ወደቀ። ጠላው ጉዝጓዙ ላይ ፈሰሰ።

"ተክሌ..." አለ በሹክሹክታ። "ምነው? ምን ትላለህ?"

"ምን አልኩ?"

"ዝም በል። ተቀመጥ።"

"ምን አልኩ? አዞውን አይደል የማወራው?"

እውነቱን ነው። ያለውን አያውቅም። ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት ነበር።

ይህ የማሩ ታሪክ እንደሆነ አድማሴ ገባው። አልፈራም። ተናደደ።  ወንድሙ ውሃ ሲለምን ሰጠኝ ፊቱን መለሰ... ይህ እኮ አሁን ሥጋ እየበላ የነበረ ሰው ነው።

ዳኛው ጭራውን አስቀመጠ። "ይበቃል። ወሬው ይቅር፣ እንብላ።"

"አያ ዳኛው" አለ አድማሴ ከበሩ። "ያንተ ቀርቷል።"

"ሌላ ቀን..."

"ቅቤ የተቀባኸው ዛሬ ነው። ዛሬ አውራ።"

እንግዶቹም "አውራ እንጂ" አሉ። አዳኝ በገዛ ድግሱ ዝሆኑን አላወራም ካለ ነውር ነው። ዳኛው ምርጫ አልነበረውም። ተነሣ። ላቡና ቅቤው አንድ ላይ ይወርዳል።

"ዝሆኑ ባምባ ከሚባለው ዛፍ ሥር ቆሟል። ብቻውን ነው። ጆሮውን ያራግባል። ነፋሱ ከእሱ ወደ እኛ ነው። እኔ ነኝ ቀድሜ የተኮስኩት..."

"ሸጋ" አሉ ሰዎቹ። የአዳኝ ሕግ ነው፤ መጀመሪያ ያቆሰለው ነው ገዳዩ።

"አቆሰልኩት። ዞረብኝ። በኩምቢው አንሥቶ መሬት ላይ ጣለኝ። ጭኔን ረገጠው። ዳኛው ከኋላ ተኮሰና ጣለው።"

ዳኛው ራሱ ነው "ዳኛው" ያለው።



"'ገዳዩ እኔ ነኝ፣ እናንተ ምስክር ናችሁ' አልኳቸው። ዳኛው ሳቀ። 'አንተን ከተሸከምን ጥርሱን ማን ይሸከማል' አለ። ጀርባዬን ከባምባው አስደግፎ አስቀመጠኝ።"

ድምፁ የዳኛው አልነበረም። ትንሽ ጎርነን ያለ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበር...

አድማሴ ያንን ድምፅ ከተወለደ ጀምሮ ያውቀዋል።

ዳኛው አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ዓይኑ ፈጧል። ጥርሱ መዳፉን ነክሷል።

ድምፁ ግን አልቆመም። ከመዳፉ ሥር፣ ጥርት ብሎ ይወጣ ነበር።

"አድሜ... ጠመንጃዬን ወሰደብኝ። 'ለምን' አልኩት፤ 'ይባክናል' አለኝ። የበቅሎዎቹ ኮቴ እስኪጠፋ ሰማሁ። ፀሐይ ስትገባ ጅቡ መጣ። በምን ልመልሰው፣ አድሜ?"

አድሜ ብሎ የሚጠራው በዚህ ዓለም ማሩ ብቻ ነበር።

ዳኛው ተንበረከከ። ድምፁ ቆመ።

ሰው እርስ በርሱ እየተገፋ ወጣ። ተሰናብቶ የወጣ የለም። ጫማውን ትቶ የሄደም ነበር።

አድማሴ ወደ ግድግዳው ሄዶ ምንሽሩን አወረደ። ከልካይ አልነበረውም። ካዝናውን ከፍቶ አየ። አምስት ጥይት።

አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀርተው ነበር። "ልጄ፣ ለፍርድ ቤት ተወው" አሉት።

"ፍርድ ቤት ምን ብዬ ልክሰስ፣ አባቴ? የሞተው ሰው ነገረኝ ልበል?"



"ተነሥ" አለው ዳኛውን። አያ ማለቱን ትቷል። "የተውክበትን ታሳየኛለህ።"

ዳኛው ተነሣ። መዳፉ ይደማል።

"እሄዳለሁ" አለ። "ከተመለስኩ ጀምሮ ብቻዬን ስሆን ይናገራል። በሰው ፊት ግን... ዛሬ መጀመሪያው ነው።"

በማግሥቱ ወጡ። ሁለት ሰውና አንዲት በቅሎ።

ዳኛው ከፊት ይሄዳል፣ አድማሴ ከኋላ። አይከልን አልፈው ቆላውን ሲወርዱ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ተቀበላቸው። አምስት ቀን አንድ ቁም ነገር አልተነጋገሩም። ዳኛው ውሃ ሲጠጣ አድማሴ ያየዋል። እንቅልፍ ሲተኛ ያየዋል። ሲያኝክ ያየዋል። እያንዳንዱ ጉርሻ ያንገበግበዋል።

ሐሳቡን ቆርጧል። ያችኑ ባምባ ያስደግፈዋል። ጭኑን ይመታዋል። ጠመንጃውን ይዞ ይሄዳል።

ልክ እንደዚያው።

በስድስተኛው ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ዳኛው ቆመ።

"ያ ነው" አለ በጣቱ እያሳየ።

ባምባው ትልቅ ነው። ከሥሩ ጥላው ጥቁር ብሎ ተኝቷል። ወንዙ ቅርብ ነው፤ ይሰማል።

ወፍ ግን አይሰማም። ዝንብ የለም። በዚያ በረሃ፣ በዚያ ሙቀት... አንዲት ዝንብ የለችም።

ከግንዱ አጠገብ የቅጠል ክምር አለ። የሰው ቁመት ያህል የረዘመ። አድማሴ በአንድ እጁ ገለጠው፤ በሌላው ጠመንጃውን ዳኛው ላይ ደግኗል።

ማሩ ነበር።

አጥንቱ ብቻ። በጀርባው ተጋድሟል፤ እጁ ደረቱ ላይ ተጣምሯል። አንዲት አጥንት አልጎደለችም። ጅብ ባለበት አገር፣ ከሁለት ወር በኋላ።

"ቀብረነዋል ብለህ ነበር" አለ አድማሴ።

"ዋሸሁ። ተቀምጦ ነው የተውነው።"

"ማን አስተኛው?"

ዳኛው ራሱን ነቀነቀ።

አድማሴ ቅጠሉን በጣቱ አሸው። እርጥብ ነው። ከተቆረጠበት ነጭ ወተት ይንጠባጠባል። ዛሬ ጠዋት የተቀነጠበ ቅጠል።

"ዝሆን ይሆን?" አለ ዳኛው በሹክሹክታ። "የሞተ ሲያገኝ ያለብሳል ይባላል..."

"ዱካው የታል?"

አፈሩ ልስልስ ነው። የሁለቱ ሰዎች እግር አለበት፣ የበቅሎዋ ኮቴ አለበት። ሌላ ምንም የለም።

አድማሴ በቃው። ማን እንደሸፈነው ግድ አልሰጠውም። ወንድሙን ሰው ትቶታል፤ ማንም ቢያለብሰው ምን ዋጋ አለው... ንዴቱ ዓይኑን ጋረደው።

"ግንዱን ተደገፍ" አለው።

ዳኛው ወደ ግንዱ ሄደ። ዞሮ ሊቀመጥ ሲል ከግንዱ ማዶ አየና ደርቆ ቀረ።

"አድማሴ..."

"ተቀመጥ አልኩህ።"

"አድማሴ፣ ና እይ።"

ከግንዱ ማዶ ሌላ የቅጠል መደብ ነበር። አጠገቡ ሌላ። አጠገቡ ሌላ። አጠገቡ ሌላ። እኩል እኩል ተነጥፈው፣ ራስጌያቸው ላይ ድንጋይ ተደርጎ። እርጥብ ቅጠል። ሥራቸው ባዶ።

ዳኛው በጣቱ ቆጠረ። "እኔ... ተክሌ... ሰጠኝ..."

ጣቱ ቆመ።

መደቡ አራት ነው።

"አራተኛው የማን ነው?" አለ። እየጠየቀ የሚያየው መደቡን አልነበረም። የአድማሴን ጣት ነበር፤ ምላጩ ላይ ያለውን ጣት።

አድማሴ ገባው፤ ከተኮሰ አራተኛው የእሱ ነው።  ከዚያ ካዝናውን ከፍቶ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አወጣና ወንዙ ውስጥ ወረወራቸው። ይቅር አላለውም። "እስክሞት ይቅር አልለውም" ነው ያለኝ። ግን አልተኮሰም።

አጥንቱን በጋቢ ጠቅልለው አሰሩት።

"በቅሎዋ አትሸከመውም" አለ አድማሴ። "አንተ ነህ የምትሸከመው። እስከ አይከል ቤተ ክርስቲያን፣ በጀርባህ። ከዚያ ለእንኳየሁ በገዛ አፍህ ትነግራታለህ።"

"እሺ" አለ ዳኛው። ጋቢውን አዘለ። አለቀሰ፤ አድማሴን ግን ልቅሶው አላበረደውም።

በቅሎዋን ስቦ አድማሴ ቀደመ። ወደ ኋላ ላለማየት ፈጠን ብሎ ይራመዳል። ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ግን አላስቻለውም፤ ዞረ።

ባምባው ከታች ይታያል። መደቦቹም ይታያሉ። ሦስቱ እንደተነጠፉ ናቸው።

አራተኛው መሀሉ ጎድጉዷል። ሰው ተኝቶበት አሁን እንደተነሣ።

አድማሴ ፊቱን መለሰና መንገዱን ቀጠለ። ትንሽ ሄዱ። ከኋላው የዳኛው እርምጃ ቆመ።

"ምን ሆንክ?" አለ አድማሴ ሳይዞር።



"አድማሴ... እዚያ ተኝተህ ነበር?"

"የት? ቁጭ እንኳ አላልኩም።"

"ጀርባህን ዳስስ።"

አድማሴ እጁን ወደ ኋላ ሰደደ።

ከትከሻው እስከ ወገቡ... ቅጠል ነበር። እርጥብ።