ሦስተኛው መልስ

ዝናቡ የቢሮውን ቆርቆሮ መደብደብ ሲጀምር ሚኮ እንደ ልማዱ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ማንም አልሳቀበትም። ማርስ ላይ ሄላስ በሚባለው ከተማ ተወልዶ ላደገ ልጅ፣ ከጣሪያ የሚመጣ ድምፅ ሁሉ አየር እያፈተለከ ነው ማለት ነው። የጨሞ ዩኒቨርሲቲ የተማሪ ልውውጥ ኃላፊ ወይዘሮ አስካለም ከሥራቸው ቀና ሳይሉ፣ «ውሃ ነው ልጄ፣ ውጣ» አሉት። በስድስት ወር ውስጥ ለስንተኛ ጊዜ እንዳሉት እሳቸውም አያውቁም።

ሚኮ ማገሩን እያንቋቋ ወጣ። ማገር የሚሉት፣ የምድር ክብደት ለማይችሉ የማርስ ልጆች እግር ላይ የሚታሰረውን ብረት ነው። እሱ የእርከን እርሻ ሊማር ወደ ጨሞ ሲመጣ፣ በምትኩ ትርሲት የምትባል የአፈር ሳይንስ ተማሪ ሄላስ ወደሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ሄዳለች። ስምምነቱ አንድ ለአንድ ነው። ሲፈረም የግቢው ቀልደኞች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያሉ አሹፈው ነበር። ወይዘሮ አስካለ ግን ሰማይ ላይ ተማሪ ያላቸው ኃላፊ በመሆናቸው ኮርተዋል፤ ኩራታቸውንም መደበቅ አይሆንላቸውም።

የዚያን ቀን ሥራቸው የትርሲትን ስድስተኛ ወርሃዊ ቃል ሰምቶ መመዝገብ ነበር። ከማርስ የተነሣ ድምፅ ምድር ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ስለሚፈጅ እንደ ስልክ መጨዋወት አይቻልም። ስለዚህ ሄላስ ላይ «ወኪል» የሚባል ማሽን ተቀምጧል። በወይዘሮ አስካለ ድምፅ፣ በወይዘሮ አስካለ አጠያየቅ ተማሪዋን ያነጋግርና መልሷን ቀርጾ ይልካል። ከመላኩ በፊት ደግሞ «ወንፊት» የተባለ ፕሮግራም የተደጋገመውን ንግግር እየነፋ ያስቀራል፤ የሰማዩ መስመር ጠባብ ነውና።

ድምፅ ማጉያው ተናገረ። «ደህና ነኝ። ትምህርቱ ጥሩ ነው።»

«ስድስት ወር ሙሉ አንድም ቅሬታ የላትም!» አሉ ወይዘሮ አስካለ ደስ ብሏቸው። «ጨዋ ልጅ ናት።»

«ሌላውስ?» አለ ሚኮ።

«የምን ሌላ?»

«የቀረው መልሷ። እትዬ አስካለ፣ እኔ የመጣሁ ዕለት የዶርሙ ጥበቃ ጋሽ ኩሴ እንዴት ነህ አሉኝ፤ ደህና አልኩ። ደህና ነህ ወይ አሉኝ፤ ደህና አልኩ። እውነት ደህና ነህ ሲሉኝ አለቀስኩ። መጀመሪያ ያላመኑኝ መስሎኝ ነበር። ለካ እዚህ አገር ወሬው የሚጀምረው ከሦስተኛው ነው። የትርሲት ሦስተኛው የት አለ?»

ወይዘሮ አስካለ የያዙትን ብዕር አስቀመጡ። የወንፊቱን የአማርኛ ደንብ የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ከሄላስ የመጣው መመሪያ ድግግሞሽ ይቀነስ ይላል። እሳቸው ደግሞ የአገራቸው ሰላምታ በባዕድ ፊት ተንዛዝቶ እንዳያሳፍራቸው ሰግተው አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመሩበት፦ «አንድ ጥያቄ ከተደጋገመ የመጀመሪያው መልስ ይያዝ፤ ሌላው ይጣል።» ያን ጊዜ ስለ ቅልጥፍናቸው የምስጋና ደብዳቤ ደርሷቸዋል።

«ያልተነፋው ጥሬ ቅጂ ጠፍቶ ይሆናል» አሉ።

«እኛ ጋ ምንም አይጠፋም» አለ ሚኮ። «ሽንታችንን እንኳ አጣርተን እንጠጣለን።»

ጠየቁ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ የስድስቱም ወር ቅጂ ከሄላስ መጣ።

በመጀመሪያው ወር ወኪሉ በእሳቸው ድምፅ «እንዴት ነሽ?» አለ። «ደህና ነኝ።» «ደህና ነሽ ወይ ልጄ?» «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» «እውነት ደህና ነሽ?» ከዚያ የትርሲት ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ። «እትዬ አስካለ፣ ለእርስዎ ብቻ ልንገርዎ። እዚህ መስኮት የለም። ያፍነኛል። እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ብታገሠው ይለቀኝ ይሆናል።»

ወይዘሮ አስካለ ያን ጊዜ የላኩት መልስ ከሥር ተያይዟል፦ «ደህና በመሆንሽ ደስ ብሎኛል። በርቺ!»

ሁለተኛው ወር ከዚህ የባሰ ነበር። በሦስተኛው ወር ልጅቷ ለመነች። «እየነገርኩዎ በርቺ ይሉኛል። አልቻልኩም እኮ! በመጪው መንኮራኩር ይመልሱኝ፤ እግርዎ ላይ ወድቄ ነው የምለምንዎ።» መልሳቸው ከሥሩ አለ፦ «በጣም ጥሩ! በርቺ!»

በአራተኛው ወር ወኪሉ ሦስቴ ጠየቃት። «ደህና ነኝ» አለች። «ደህና ነኝ።» «ደህና ነኝ።» በአምስተኛውም፣ በስድስተኛውም እንዲሁ። ወንፊቱ የሚሰውረው ነገር አጥቶ ነበር።

ወይዘሮ አስካለ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። በስምምነቱ መሠረት ተማሪ እንዲመለስ የሚጠይቀው የላከው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የሄላስን ሰዎች ልጅቷ ራሷ እንዳታስቸግር ደግሞ ይሉኝታ ይዟታል። ትመለስ ወይስ ትቀጥል በሚለው ቅጽ ላይ «ትቀጥል» ብለው የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ወደ ምድር የምትመለሰው መንኮራኩር ከማርስ ከተነሣች ዘጠኝ ቀን ሆኗታል፤ ሌላ የምትነሣው ከሁለት ዓመት ከሁለት ወር በኋላ ነው። «ምን አደረግኳት!» አሉ ጮክ ብለው።

ያለ ወንፊት የሚላክ ድምፅ ለቢሮው በዓመት የሚፈቀደው ጥቂት ነው። የቀረውን ሁሉ ከፈቱት፤ ወኪሉንም ትተው በገዛ አንደበታቸው ጠየቁ።

«ትርሲት፣ እንዴት ነሽ?»

አርባ ደቂቃ ጠበቁ። «ደህና ነኝ።»

«ደህና ነሽ ወይ?»

ሚኮ ማገሩን ፈትቶ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ዝናቡ እንደገና ቢመጣም ጠረጴዛ ሥር አልገባም። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል መጣ።

«እውነት ደህና ነሽ፣ ልጄ?»

ሦስተኛው መልስ ጥያቄ ሆኖ ደረሰ። «አሁን የሚጠይቀኝ ማን ነው? ማሽኑ ነው ወይስ እርስዎ?»

«እኔ ነኝ» ሊሉ ሲሉ ተገቱ። ማሽኑም በዚሁ ድምፅ «እኔ ነኝ» ማለት ይችላል። ድምፃቸውን፣ ሳቃቸውን፣ «ልጄ» የሚሉበትን ለዛ ሳይቀር ሰጥተውታል። ያልሰጡት ምን እንደሆነ አሰቡ። ለወኪሉ ቃል ሲያስጠኑት አንዱን ሆን ብለው ዘለውት ነበር፤ ቢሮ ጥፋቱን ሲያምን ታይቶ ስለማይታወቅ አያስፈልገውም ብለው።

«ትርሲት፣ አጥፍቻለሁ» አሉ። «ነግረሽኛል፤ ቃልሽ እንዲቆረጥ ያደረግኩት እኔ ነኝ። መንኮራኩሯ ሄዳለች፤ ልመልሳት አልችልም። ይቅር በዪኝ።»

ከአርባ ደቂቃ በኋላ የመጣው ልቅሶ ብቻ ነበር። ቃል የለውም፤ ያው አንድ ሲቃ ይደጋገማል። ወንፊቱ ቢኖር የመጀመሪያውን ይዞ ሌላውን ይጥለው ነበር። ወይዘሮ አስካለ እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ሲያበቃም ዓይናቸውን ጠርገው፣ «እንዴት ነሽ?» ብለው እንደገና ላኩ።