ያልቀዳሁት ድምፅ

በዛር፣ በቆሌና በመናፍስት ወሬ ከሚስቁ ሰዎች ዋናው እኔ ነበርኩ። ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አጠገብ ካሴት እየገለበጥኩ የምተዳደር ሰው ነኝ፣ ድምፅ ማለት ለእኔ ክርና የባትሪ ድንጋይ ነው፣ አንድ ሰው መጥቶ «ቴፔ ውስጥ ሰው ያቃስታል» ቢለኝ «በአልኮል ጥረገው፣ ይድናል» ብዬ ነበር የምሸኘው። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ አብዷል አትበሉኝ፣ ወይም በሉኝ ግድ የለም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፣ ጎረምሳ ሁሉ ከየመንገዱ እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ በሚላክበት፣ እናት ልጇን ጨው ግዛ ብላ ለመላክ በምትፈራበት ሰዓት። ጋሽ ሙሄ የሚባሉ የአልዩ አምባ ነጋዴ ደንበኛዬ ነበሩ፣ መንዙማ እንድገለብጥላቸው በመጡ ቁጥር ቀልድ አያልቅባቸውም፣ የዚያን ቀን ግን ሳይቀልዱ ገቡ።

«አንተ ልጅ፣ አንኮበር አስካለ የምትባል ሴት አለች። ባሏ ሞቷል፣ አንድ ልጇ ደግሞ ታፍሶ ሄዶ ወሬው ጠፍቷል። ባሏ በሕይወት ሳለ የቤቱን ድምፅ ሁሉ በዚያ በድሮው፣ ትልልቅ ጥቅል በሚሽከረከርበት ቴፕ ሲቀዳ የኖረ ሰው ነው። አሁን ቴፑም አረጀ፣ ክሩም እየተበጠሰ ነው። ወደ ካሴት ገልብጥላት።»

«ያምጡታ!» አልኩ።

«አታመጣውም። ከቤት ከወጣ አይመለስም ትላለች። ወላሂ አልፈርድባትም፣ ከዚያ ቤት የወጣ መቼ ተመለሰና!»

እንግዲህ እኔ ብርድ የምጠላ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ እግዜር ሲፈጥረኝ ቦታ ተሳስቶ ነው፣ አንኮበር ደግሞ ደብረ ብርሃንን ቆላ የሚያሰኝ ብርድ አለው። ቢሆንም የጋሽ ሙሄን ቃል እምቢ ማለት አልቻልኩም፣ ቴፔን በሱፍ ባና ጠቅልዬ፣ ከእሳቸው ጋር በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ሄድኩ። ስንደርስ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ቤቶቹን አንድ በአንድ ይውጣቸው ነበር።

እትዬ አስካለ ቀጠን ያሉ፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገሩ ሴት ናቸው። ጥቅሎቹን ከሣጥን አውጥተው መደብ ላይ ደረደሯቸው፣ ማንበብ ስለማይችሉ በእያንዳንዱ ላይ የተለያየ ቀለም ፈትል አስረውበታል፣ ቀዩ የሠርጋቸው፣ አረንጓዴው የክርስትና፣ ሌላው የአማታቸው ምርቃት እያሉ አንዱንም ሳይስቱ ነገሩኝ። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ጥቅል ቀረች፣ የታሰረባት ፈትል ሳይሆን የልጅ ማተብ ነው።

«ይቺን መጨረሻ ላይ» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ዕቃዬን ስፈታ ጉድ ሆንኩላችሁ፣ ሁለቱን ቴፖች የሚያገናኘውን ሽቦ ሱቅ ረስቼው መጥቻለሁ! ምን ላድርግ፣ አፍሬ መመለስ የለም፣ የእኔን ቴፕ ከአሮጌው ፊት ለፊት አስቀምጬ በአየር ላይ መቅዳት ነው። ይህ ማለት ደግሞ በቤቱ ውስጥ የሚሰማ ነገር ሁሉ አብሮ ይቀዳል ማለት ነው፣ ስለዚህ ዶሮዎቹ ተባረሩ፣ በሩ ተዘጋ፣ ጋሽ ሙሄንም «ካሳሉ እርስዎንም ከዶሮዎቹ ጋር አስወጣዎታለሁ» አልኳቸው፣ ጥግ ላይ ተቀመጡ።

ሥራው ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ወሰደ። የሞተው ሰውዬ ሳቅ፣ የሙሽሮች እልልታ፣ የላም እምቧታ፣ እትዬ አስካለ በልጅነት ድምፃቸው ባላቸውን ሲቆጡ ሁሉ ሰማን። እሳቸው አፋቸውን በነጠላ ይዘው ነው የሚሰሙት፣ ሳቃቸውም ልቅሷቸውም እንዳይቀዳ። እኔ መቼም ሆደ ባሻ አይደለሁም፣ ግን ሁለት ጊዜ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬያለሁ።

ባለ ማተቧ ጥቅል ጋ ስንደርስ ቶሎ አልሰጡኝም።

«ይቺ የልጄ የደምሰው ናት። ገና ሕፃን ሆኖ ከደጅ ሲጠራኝ አባቱ የቀዳት። ልጄ፣ የታፈሰ ቀንም እንዲሁ እንደ ዛሬው ጉም ነበር። ጓሮ ጎመን ስቀነጥስ ‹እማዬ!› ሲል ሰማሁ። አንዴ። እኛ አገር መቼም ታውቃለህ፣ የጠራህን ሳታይ በአንድ ጥሪ አቤት አይባልም፣ ሰው ይሁን ሌላ አይታወቅማ። ይድገመኝ ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ቆምኩ። አልደገመም። ለካ አፉን አፍነውት ኖሯል። ደጅ ስደርስ መኪናው ሄዷል።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ያኔ አቤት ብለው ኖሮ እኮ ቢያንስ ድምፄን ሰምቶ ይሄድ ነበር። እናቴ አልሰማችኝም እንዳለ ነው የሄደ።»

«አይዞዎት፣ ይመጣል» አልኩ፣ ሁሉም ሰው የሚለውን።

ክሩን አዞርኩ። መጀመሪያ የነፋስ ሹክሹክታ፣ ቀጥሎ ከሩቅ ቀጭን የሕፃን ድምፅ፣ «እማዬ!» ባልየው እየሳቁ «አቤት በይው እንጂ አንቺ!» አሉ፣ የወጣቷ አስካለ ድምፅም እየሳቀ «አንዴ እኮ ነው የጠራኝ፣ ይድገመኝ!» ሲል መለሰ። ከዚያ ክሩ አለቀ። እመኑኝ፣ ጆሮዬን ቴፑ ላይ ደቅኜ ነው የሰማሁት፣ ልጁ የጠራው አንድ ጊዜ ነው።

ገልብጬ ስጨርስ ካሴቱን ወደ ኋላ መልሼ ማሰማት ልማዴ ነው፣ ባለቤቱ አይቶ፣ ማለቴ ሰምቶ፣ እንዲረከበኝ። አጫወትኩት። ነፋሱ መጣ፣ ሕፃኑ ጠራ፣ ባልየው ሳቁ፣ «ይድገመኝ» ተባለ፣ ቀጥሎ ባዶ ሹክሹክታ። እጄን ልዘጋው ስዘረጋ፣

«እማዬ!»

የሕፃን አይደለም። ሊጎረንን የጀመረ፣ መሃል ላይ የሚሰበር የጎረምሳ ድምፅ ነው። ጋሽ ሙሄ የሙሰብሃቸውን ዶቃ መቁጠር አቆሙ። የእትዬ አስካለ ፊት አመድ መሰለ።

«ይቺ የዚያን ቀኗ ናት» አሉ ቀስ ብለው፣ «የጉሙ ቀን።»

እኔ ማብራሪያ አላጣም፣ ከዚህ በፊት የተቀዳበት ካሴት ይሆናል አልኩ በሆዴ፣ ግን ፕላስቲኩን ቀድጄ ያወጣሁት እዚያው እፊታቸው ነው። ፍርሃት ሲመጣ እጅ ይቀድማል፣ ቴፑን ጠቅ አድርጌ ዘጋሁት። ቆመ። ድንጋዮቹንም አወጣኋቸው፣ ለምን እንዳወጣኋቸው አትጠይቁኝ።

ቤቱ ጭር አለ። ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ ተጠራ።

«እማዬ!»

ከቴፑ ይሁን ከደጅ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም፣ ቅርብ ነበር፣ ይህን ብቻ አውቃለሁ። ወፍራም፣ የሰከነ፣ የሙሉ ሰው ድምፅ ነው፣ ረጅም መንገድ የመጣ ሰው ደጃፍ ሲደርስ እንደሚጣራው። ጋሽ ሙሄ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብለው ብድግ አሉ። እትዬ አስካለ ግን ከእሳቸውም ከእኔም ቀድመው በሩ ላይ ናቸው፣ መወርወሪያውን እንዴት እንዳላቀቁት አላየሁም፣ «አቤት! አቤት ልጄ! አቤት!» እያሉ ጉሙ ውስጥ ገቡ። የተባረሩት ዶሮዎች እግራቸው ሥር ተተራመሱ። እኔና ጋሽ ሙሄ ተከትለን ወጣን፣ ግቢውን፣ ጓሮውን፣ እስከ መንገዱ ድረስ ፈለግን። እርጥብ አፈር፣ ጎመን፣ አጥር። ሰው የለም።

እትዬ አስካለ ሲመለሱ ፀጉራቸው ላይ ጉሙ ውሃ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አላለቀሱም፣ መደቡ ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን በተስፋ አዩኝ።

«የድምፅ ባለሙያ አንተ ነህ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። ሲወስዱት ድምፁ ገና ሊጎረንን ነበር። አሁን ጎልምሷል፣ ሰምተሃል። የሞተ ሰው ድምፁ ያድጋል እንዴ?»

ድንጋዮቹን መልሼ ካሴቱን እንደገና ላሰማ ብሞክር እትዬ አስካለ እጄን ያዙኝ።

«ተወው» አሉ፣ «አቤት ብዬዋለሁ። ሰምቶኛል።»

ካሴቱን በማተቡ አሥረው ሣጥናቸው ውስጥ ከተቱት። በሩን ግን እስክንሄድ ድረስ አልዘጉትም፣ ያን ሁሉ ብርድ።

ልጁ መጣ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልመጣም፣ መርዶም አልመጣም። ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በደብረ ብርሃን በኩል በእግሩ ሲያልፍ ሰነበተ፣ የተጎሳቆለ፣ ጫማ የሌለው፣ ውሃ የሚለምን። እኔ ሱቄን ከፍቼ ደጃፍ ላይ ቆሜ እውላለሁ። ደምሰውን በመልክ አላውቀውም፣ ድምፁን ግን አውቀዋለሁና የሚያልፈውን ሁሉ «ወንድሜ፣ ከወዴት ነህ?» እላለሁ፣ ይመልስልኛል፣ እሰማለሁ፣ አይደለም፣ ውሃ ሰጥቼ እሸኘዋለሁ። ካገኘሁት አንኮበር ወርጄ ለእትዬ አስካለ ምን እንደምላቸው ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

ጎረቤቶቼ አሁን በእኔ ይስቃሉ፣ ስሜን አንዴ ሲጠሩኝ ወዲያው አቤት እላለሁና፣ የአገሩን ወግ ረሳህ ይሉኛል። አልረሳሁም። ጉም ባለ ቀን ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ከደጅ አንዴ ስሜ ሲጠራ እሰማለሁ፣ አቤት ብዬ እወጣለሁ፣ መንገዱ ላይ ሰው የለም፣ ሆኖም ትንሽ ቆሜ እጠብቃለሁ።