አባ ኮዳ በኬረላ

«የሕንድ ሳሪ ለብሰሽ ብታነቢው ደግሞ እንዴት እንደሚያምር!» አሉ ቲቸር በርናባስ። የሪንሲ የአማርኛ መምህር ናቸው፤ የሚኒ ሚዲያውም ኃላፊ። የጻፈችውን ልቦለድ መርጠው፣ ሰኞ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ በተማሪው ሁሉ ፊት እንድታነበው ወስነዋል።

ሪንሲ «እሺ ቲቸር» አለች።

ልቦለዱ በኬረላ የባሕር ዳርቻ ስለሚኖር ልጅ ነው። ኬረላ የአባቷ አገር ናት፣ ሕንድ ውስጥ። ችግሩ ሪንሲ ኬረላን ረግጣ አታውቅም። አባቷ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር ሀዋሳ መጥቶ እናቷን ካሰችን አገባ፤ እሷም እዚያው ሀዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ተወልዳ አደገች። ከሁለት ዓመት በፊት አባቷ እናቱን ሊያስታምም ወደ ኬረላ ሄደ፤ እስካሁን «ቶሎ እመጣለሁ» እንዳለ ነው። አያቷ በቪዲዮ ሲደወልላቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ስለሚለጥፉት፣ ሪንሲ ከኬረላ በደንብ የምታውቀው የአያቷን ጆሮ ነው።

ከክፍል ሲወጡ ጓደኛዋ ሳያት በክርኗ ነካ አደረገቻት።

«አንቺ፣ ኬረላም አባ ኮዳ አለ እንዴ?»

«ምን?»

«የዓሣ ጭንቅላት የሚለቃቅሙት ትልልቆቹ ወፎች! ይሄ እኮ የኛው አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ነው። ጀልባው፣ መረቡ፣ ሁሉም። ግን አይዞሽ፣ ማንም አይነቃብሽም።»

ሪንሲን ያስፈራት ተማሪው አልነበረም። ሳያት ንባቡን ቀርጻ ለሪንሲ አባት ልትልክለት ቃል ገብታለች። ሲሰማው አገሩን እንደማታውቅ፣ የእሱ ወገን ለመሆን ስትል ከራሷ እንደፈጠረችው ይገባዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ራሷ ደወለችለት፤ ልቦለዱንም አነበበችለት። ስትጨርስ ስልኩን አየት አደረገችው።

«አባዬ? ተቋረጠ እንዴ?»

«አለሁ። የእኛ መንደር ከባሕር ሩቅ ነው፣ ልጄ። ዙሪያው የጎማ ዛፍ ነው።»

«አላወቅኩም» አለች፤ እንባዋ መጣ። «አንተ ያለህበትን ቦታ ማየት ስለፈለግኩ ነው።»

«ገብቶኛል» አለ አባቷ። «ወፎቹ ያሉበትን ግን ደግመሽ አንብቢልኝ። እዚህ ስለነሱ የማወራው ሰው የለኝም።»

ደገመችለት። እስከዚያ ቀን ድረስ እሷ ብቻ የምትናፍቅ ይመስላት ነበር።

ሰኞ በዩኒፎርሟ መጣች።

«ሳሪውስ?» አሉ ቲቸር በርናባስ።

«ይቅርታ ቲቸር፣ ለዚህ ታሪክ አይሆንም።»

ወረቀቱ ላይ ኬረላ የሚለውን ሁሉ ሰርዛ ሀዋሳ ብላ ጽፋበታለች። ሳያት በመምህሩ ፈቃድ መቅረጽ ጀመረች። ሪንሲ ማይኩን ተቀብላ ቀስ እያለች አነበበች። ወፎቹ ጋ ስትደርስ፣ ተማሪው ግራ ቢገባውም፣ ያንን ቦታ ሁለቴ አነበበችው።