ሳሙና ያልነካው አንገት

ሟቹን ጨርቅ አልብሰውት ነበር። ሞተር ሳይክሉን ግን የሸፈነው የለም፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ መታጠፊያው ላይ፣ ለሁለት ተከፍሎ ወድቋል። የፊት ጎማው ከነመሪው ቦይ ውስጥ ገብቷል፤ የቀረው አካሉ ከሟቹ አጠገብ ተጋድሟል።

መርማሪው ኮፍያውን አወለቀ። ከንፈሩ ለጥቂት ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳለ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ብዙ ስለሚሰማና ጥቂት ስለሚናገር ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል።

«ይቀየር ብዬው ነበር!» አለ መለዋወጫ ሻጩ ከተሰበሰበው ሰው መሃል። «አልሙኒየም ሻንሲ አንዴ ከተጣመመ አለቀለት፣ አዲስ ልስጥህ ብዬ ለመንኩት። አይሆንም፣ እሷ ትጠግንልኛለች! ይኸው ጠገነችለት።»

«እሷ ማን ናት?»

«በያጇ ናት እንጂ! ሰፈሩን ሁሉ ያፈዘዘችው። ደንበኞቼን አንድ በአንድ ወሰደችብኝ።»

ሟቹ ዕቃ አመላላሽ ነበር፤ በፍጥነቱ «ንፋሱ» የሚሉት። ሞተሩን አቁሞት ሳለ መኪና ከኋላ ገጭቶ የሻንሲውን፣ የሞተሩን አጽም፣ ጭራ አጣመመበት። በያጇ አቃንታና በይዳ በአደጋው ዋዜማ መለሰችለት። አሁን የብየዳ ቤቷ ታሽጓል፤ በቸልተኝነት ሰው ገድለሻል ተብላ እሷም ጣቢያ ተወስዳለች።

ጆሮ ተንበረከከ። የተሰበረው ጭራው ሳይሆን አንገቱ ነው፤ ሻንሲው ከመሪው ጋር የሚገናኝበት ቦታ። ዙሪያው በብሩሽ፣ በጥድፊያ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። በጥፍሩ ፋቅ ሲያደርገው ቀለሙ ተለጠጠ፤ ገና አልደረቀም። ወደ ጭራው ዞረ። ብየዳው ቀለም ሳይቀባ እንደ ስፌት እኩል እኩል ሄዷል፤ አንድም ስንጥቅ የለበትም። ግራና ቀኙ ላይ ቡናማ ጭረቶች ይታያሉ።

በያጇን ጣቢያ ሄዶ አነጋገራት።

«አንገቱን ነክተሽዋል?»

«አልነካሁትም፣ ጌታዬ። የተመታው ጭራው ነው። አንገቱን ክር ወጥሬ አይቼዋለሁ፤ ቀጥ ያለ ነበር። እሱ ተጣሞ ቢሆን ኖሮ እኔው ራሴ ቀይረው እለው ነበር። ጭራ ይጠገናል፤ አንገት ግን ነፍስ የተሸከመ ነው።»

«ቀለምስ?»

«ብየዳዬን ቀለም አልቀባም፤ ባለቤቱ አይቶ ይመን።»

«ቡናማው ጭረትስ ምንድን ነው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ሳሙና ነው። ብረት ሲግል ይቀላል፤ ዓይንዎ ይነግርዎታል። አልሙኒየም ግን መልኩን ሳይለውጥ ነው የሚቀልጠው። ስለዚህ ከማሞቄ በፊት ሳሙና አሰምርበታለሁ። ሳሙናው ቡናማ ሲል እሳቱን አነሳለሁ። ካለፈ ሲያዩት ደህና ነው፤ ጥንካሬው ግን ሄዷል።»

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ሳሙናውን ብዙ ዕቃ አበላሽቼ ራሴ ደረስኩበት። መበየድን ግን ያስተማሩኝ የንፋሱ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ባለበሩ።»

ባለበሩ የብረት በር የሚሠራ ሰው ነው። ከታናሹ ጋር በአንድ ግቢ ይኖራል፤ ለቅሶውም እዚያው ነበር። ጆሮ መጀመሪያ የሟቹ ሚስት አጠገብ ተቀመጠ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ።»

«ይሂዱና እሷን ያጽናኑ!» አለች ፊቷን አዙራ። «እጇ ወርቅ ነው፣ እጇ ወርቅ ነው! ባሌ ምሳ ላይ እጇ፣ እራት ላይ እጇ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ‹እንግዲያው እጇን ብላ› ብዬ ሰሃኑን አነሳሁበት።» ሳቅ ቢጤ ሊያመልጣት ሲል ለቅሶ ሆነ። የወደቀባትን መሐረብ ከጆሮ እጅ ስትቀበል መዳፏ ነጭና ጤነኛ ነበር።

«ሞተሩ በዋዜማው የት ነበር?»

«እዚሁ፣ ወንድም ጋሼ ሥራ ቤት ደጃፍ። አመሻሽ ላይ እናቴን ልንጠይቅ ስንወጣ ትተነው ሄድን።»

ባለበሩ ደጅ ላይ ቆሞ ለቀስተኛ ይቀበላል። ጆሮ እጁን ሲዘረጋለት እሱ መዳፉን ጨብጦ አንጓውን ሰጠው።

«ይቅርታ፣ እጄ ቅባት ነው።»

የለበሰው ንጹህ ሸሚዝ ነው፤ ሥራ ቤቱም ከአደጋው ወዲህ አልተከፈተም። ጆሮ አንጓውን ጨበጠ። በሥራ ቤቱ መስኮት አጮልቆ ሲያይ በሮች ተደግፈው ቆመዋል፤ ሁሉም ገና ቀለም ያልነካቸው።

«የእሷን ብየዳ እንዴት ያዩታል?»

«እሱም ብየዳ ሆኖ! መሣሪያ ያስጨበጥኳት እኔ ነኝ። ዛሬ ሰው ሁሉ እኔን አልፎ እሷ ጋ ይሄዳል። የገዛ ወንድሜ እንኳ ‹ጋሼ፣ አንተ በርህን ሥራ፣ ይሄ ረቂቅ ነው› አለኝ። በሰው ፊት!»

ከዚያ ሱቁ ሲሄድ መለዋወጫ ሻጩ የጆሮን እጅ እስኪያመው ጨበጠና ሳይጠየቅ ተናገረ። «አልደብቅም፣ በዋዜማው አመሻሽ ሐሳቡን ቀይሮ እንደሁ ብዬ ግቢያቸው ሄጄ ነበር። ንፋሱ የለም። ባለበሩ ሥራ ቤቱን ዘግቶ ‹በር እየቀባሁ ነው› አለኝ ከውስጥ። ቀለሙም ሸቶኛል።»

በማግስቱ የብየዳ ቤቱ እሽግ ተፈታ፤ በያጇ ከጣቢያ መጥታ፣ ሚስቲቱ፣ ሻጩና ባለበሩም እዚያ ተሰበሰቡ። ጠረጴዛው ላይ የተሰበረው ሻንሲና አንድ ቁራጭ አልሙኒየም ነበሩ።

«እስቲ ያንን ቁራጭ አቀብሉኝ» አለ ጆሮ።

ሚስቲቱ አነሳችና ሰጠችው። ወደ ቦታው መለሰውና ሻጩን ጠየቀ፤ እሱም አነሳው። ባለበሩ ግን እጁን ዘርግቶ አንዴ ቆመ፣ በጣቱ ጀርባ ነካ አደረገ፣ ከዚያ በግራ እጁ አነሳው።

«ቀዝቃዛ ነው» አለ ጆሮ። «ሁለት ሰው ሲይዘው አይተዋል። ለምን ፈሩት?»

ባለበሩ ቁራጩን መልሶ ሲያስቀምጥ ጆሮ ወደ ተሰበረው ሻንሲ ጠቆመ።

«ይህ አንገት ሰው በእሳት ያጋለው ነው። በቀለሙ ሥር ከእሳቱ የቀረ ጥላሸት አለ፤ የሳሙና ጭረት ግን የለም። ይህች ልጅ ሳሙና ሳታሰምር እሳት አትለኩስም፤ ብየዳዋንም ቀለም አትቀባም። የነካው ሌላ ሰው ነው። ሻጩ የበር ቀለም ሸቶታል፤ በሮቹ ግን አንዱም አልተቀባም። ታዲያ ያ ቀለም የት ገባ?»

ሚስቲቱ ወደ ባለበሩ ዞረች። «ወንድም ጋሼ?»

«ብረት ሠራተኛ» ቀጠለ ጆሮ፣ «በአንድ እጁ እሳቱን፣ በሌላው የብረቱን ዳር ይይዛል። ብረት ሙቀቱን ቶሎ አያዳርስምና ዳሩ ይያዛል። አልሙኒየም ግን ወዲያው ያዳርሳል፤ ሳይቀላም ያቃጥላል። መዳፍዎን ይክፈቱ።»

ባለበሩ ቀስ ብሎ ከፈተው። የሻንሲው ጠርዝ ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ ማዶ በቃጠሎ ታትሟል።

«ልገድለው አይደለም!» አለ። «ደጅ ላይ ሲቀመጥበት እጥፍ ይላል ብዬ ነው። ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ‹ይኸው የወርቅ እጇ› እላለሁ፤ ከዚያ እኔ ጋ ይመለሳል ብዬ። እሱ ግን ጠዋት ሳልነቃ ወጣ… ቁልቁለቱን ይዞ…»

ሚስቲቱ ግድግዳውን ተደግፋ እንደ ቆመች ቁልቁል ተንሸራትታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ባለበሩ ወደ ተሰበረው ሻንሲ ቀረበ። ጎንበስ ብሎ በጭራው ብየዳ ላይ የቆሰለ መዳፉን አሳለፈ።

«ጋሼ፣ እጅዎ…» አለች በያጇ።

«ይሄን ሁሉ ተንከባሎ» አለ፣ ድምፁ እምብዛም በማይሰማ መጠን ዝቅ ብሎ፣ «አልተሰነጠቀም። ጥሩ ብየዳ ነው።»

ከእሱ ሥራ ቤት ከወጣች ጀምሮ ልትሰማው የጓጓችው ቃል ይህ ነበር። ሲደርሳት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።