የጠዋት ሳል

«ስሚ! እስኪ ስሚው!» አሉ ጋሽ አያሌው ስልካቸውን ሂባ ፊት ደቅነው። «ይሄ የሞተር ድምፅ ነው ወይስ የበሽተኛ?»

ስልኩ ላይ የተቀዳው ሞተር ቱፍ... ቱፍ፣ ቱፍ... እያለ ይንተፋተፋል። ተነሳ ሲሉት ሊጠፋ ይደርሳል፣ ይንዘፈዘፋል፣ እንደገና ያስለዋል። ከዚያ ቀስ በቀስ ይስተካከላል። ሂባ ድምፁን እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ቀና ስትል ያው መኪና አባቷ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ምንም እንዳላገኘው ሁሉ ለስለስ ብሎ ይሠራል።

ቀይ፣ ዝቅ ያለ፣ ባለ ሁለት በር እስፖርት መኪና ነው። ጋሽ አያሌው ለእህታቸው ሠርግ ከባሕር ዳር ይዘውት የመጡ ቀን የመካነ ኢየሱስ ከተማ ልጆች ከኋላው ያልሮጡ አልነበሩም። እሁድ ሙሽራዋን የሚወስደው እሱ ነው። አሁን ግን በየማለዳው፣ በጥር ብርድ አድሮ ሲነሳ፣ እንዲህ ያስለዋል። ከሞቀ በኋላ ደህና ነው። የሂባ አባት ኑረዲን እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች በአዲስ ለውጠዋል፣ ቤንዚኑን ቀድተው ሌላ ሞልተዋል፣ የአየር ማጣሪያውን አጽድተዋል። ሳሉ አልለቀቀም።

«ጥፋቱ የልጅህ ነው» አሉ ጋሽ አያሌው ወደ ኑረዲን ዞረው። «ስታጥበው ሞተሩ ላይ ውሃ ለቃበታለች። የወንድሜ ልጅ ፍቅር በዓይኑ አይቷታል።»

ሂባ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ፍቅር? አብሯት ዘጠነኛ ክፍል የሚማረው፣ ጠዋት ጠዋት በጋራዡ በኩል እየመጣ አብሯት ትምህርት ቤት የሚሄደው ፍቅር?

«ውሸት ነው!» አለች። «ያጠብኩት ከላይ ከላይ ነው። ሞተሩን በደረቅ ጨርቅ ነው የጠረግኩት።»

«ሂባ» አሉ አባቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ወላሂ አባዬ፣ አንድ ጠብታ አላስነካሁትም!»

«በቃ አልኩሽ!»

መንገደኛው ቆም እያለ ማየት ጀምሯል። ጋሽ አያሌው ይህን ሲያዩ ይበልጥ ድምፃቸው ጨመረ። «ለመሆኑ ሴት ልጅ ጋራዥ ውስጥ ምን ትሠራለች? ኑረዲን፣ አብረን ነው ያደግነው፤ ስምህን ማጥፋት አልፈልግም። ጥፋቷን ትመን፣ ይቅርታ ትጠይቅ፣ አንተም ወደ ቤቷ ሰብስባት።»

አባቷ እጃቸውን በአሮጌ ጨርቅ ሲጠርጉ ቆዩ። ንጹሕ እጅ ነበር፤ እንዲያው ነው የሚጠርጉት። «መኪናው ዛሬ እዚሁ ይደር» አሉ በመጨረሻ። «ጠዋት ስትመጣ ይቅርታ ትጠይቅሃለች።»

«አልጠይቅም!» አለች ሂባ። መልስ ሳትጠብቅ ወደ ቤት ገባች።

ቤት ውስጥ የጠበቃት ከዚህ የከፋ ነበር። አባቷ ተከትለዋት ገብተው «ከነገ ጀምሮ ጋራዥ እንዳላይሽ» አሉና ለሶላት ተነሱ። ከስድስት ዓመቷ ጀምራ ብሎን እያቀበለች ያደገችበትን ጋራዥ! እናቷ አዚዛ ምስር ከሚለቅሙበት ሳፋ ላይ ቀና አሉ።

«አንዲት ቃል ናት፣ ልጄ። በያትና ይለፍ።»

«ያላደረግኩትን አድርጌያለሁ ልበል?»

«አድርጊ ማን አለሽ? በዪ ነው የተባልሽው።»

«እንደሱ ከሆነ እኔ ያደረግኩት ነገር ሁሉ ምን ዋጋ አለው?» አለች። እናቷ ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

ሂባ እንባዋ ቢመጣም አላወጣችውም። ይልቅ ስልኩ ላይ የሰማችውን ሳል ደጋግማ አሰበችው። የእጥበት ውሃ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ አንዴ ሲግል ይደርቅ ነበር፤ በማግሥቱ አያስለውም። ደግሞስ፣ ጋሽ አያሌው ጠዋት ባረፉበት ቤት ያስነሱታል፣ እያሳለ ይሞቃል፣ ከዚያ ጋራዥ ያመጡታል። አባቷ የሚያዩት ሁልጊዜ ከዳነ በኋላ ነው። ሳይነሳ በፊት፣ ቀዝቅዞ እንዳደረ፣ የከፈተው ሰው የለም።

ጎህ ሲቀድ ሹራቧን ደርባ ወጣች። ቅጥሩ ውስጥ ያለው ሣር አመዳይ ለብሷል። የጋራዡን ቁልፍ ከምስማሩ ላይ አወረደች፤ እንዳትደርስ የተባለችበትን በር ከፈተች፤ የመኪናውን ኮፈን አነሳች። ቀዝቃዛው ብረት ጣቶቿን ቆረጠማት። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ፈታች። የመጀመሪያው ደረቅ ነው። ሁለተኛውም ደረቅ። ሦስተኛው ጫፉ ረጥቧል። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ ቤንዚን ቤንዚን አይልም። አራተኛውም ደረቅ ሆኖ ወጣ።

«ሂባ!»

አባቷ በሩ ላይ ቆመዋል። ዘወር አለች፤ ግን ካንዴላውን አልለቀቀችውም።

«ይቆጡኛል አባዬ፣ አውቃለሁ። መጀመሪያ ግን ይሄን ያሽትቱት።»

ለአፍታ ሊጮሁባት ያሰቡ መሰሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። አሸተቱ። ካንዴላውን በጣታቸው አሹት፤ እንደገና አሸተቱ። የስልካቸውን መብራት አብርተው ወደ ሦስተኛው ቀዳዳ አጎነበሱ፤ ብዙ ቆዩ።

«ውሃ ገብቶበታል» አሉ። «የቴስታታው ጋስኬት፣ ውሃውን ከሲሊንደሩ የሚለየው፣ ተበልቷል ማለት ነው። ሌሊት የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ይንጠባጠባል። ጠዋት እሱ ተኖ እስኪወጣ ያስለዋል፤ ከዚያ ደህና ይመስላል።» ቀና ብለው አዩዋት። «እኔ ደግሞ ሳይነሳ አንድም ቀን አላየሁትም።»

«ጋስኬት በመታጠብ ይበላል?»

«አይበላም። ሞተሩ ከልኩ በላይ ግሎ ሲነዳ ነው።»

ሂባ የራዲያተሩን መጠባበቂያ የውሃ ዕቃ ከፈተችው። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ትንሽ ነው። ጋሽ አያሌው የሚጠቀሙበት አረንጓዴ የማቀዝቀዣ ኩላንት ሳይሆን ድፍርስ ነገር ነው፤ ሥሩ ላይ ደለል ተኝቷል። የወንዝ ውሃ!

«አያሌው ይሄን አይጨምርም» አሉ አባቷ። «ለመኪናው ከራሱ አብልጦ ነው የሚሳሳለት።»

ሂባ ያን ጊዜ ያለፈው ዓርብ ትዝ አላት። ጋሽ አያሌው ለሠርጉ እንዲዘጋጅ ጋራዥ ትተውት፣ መኪናውን ያጠበችው ሐሙስ ነበር። ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግን ከጎማው እስከ በሩ አቧራ ለብሶ አገኘችው፤ ነፋሱን እየረገመች እንደገና አጠበችው። ዓርብ ቀትር አባቷ ለጁምዓ ሄደው ጋራዡ ውስጥ ሰው አልነበረም፤ የመኪናውም ቁልፍ ምስማሩ ላይ ነበር። ፍቅርም ያን ቀን ከክፍል ቀርቶ ነበር። ሰኞ ለትምህርት ሲመጣ የእጁን አንጓ በጨርቅ አስሮ፣ ሻይ ፈሶብኝ አላት።

«ሂቡ! አትሄጂም እንዴ? የፊዚክስ ፈተና አለብን እኮ!» የፍቅር ድምፅ ነው፣ ከውጭ።

ካንዴላውን እንደያዘች ወጣች። ፍቅር ቦርሳውን በአንድ ትከሻው አንጠልጥሎ ፈገግ አለ፤ እጇ ላይ ያለውን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ።

«እጅህን ያቃጠለህ ሻይ ነው?» አለችው።

«አዎ... ነገርኩሽ አይደል?»

«ወይስ የራዲያተር እንፋሎት?»

ፍቅር ዙሪያውን አየ። ከዚያ አወጣው። እስከ ድልድዩ ብቻ ሊነዳው ነበር፣ ወደ ወገዳ በሚወስደው መንገድ። ሲመለስ ዳገቱ ላይ የሙቀቱ ቀይ መብራት በራ። ዝም ብሎ ነዳው። ጭስ ሲያይ ቆመ፣ የራዲያተሩን ክዳን ሲከፍት እንፋሎቱ ገረፈው፤ ከወንዝ በጠርሙስ ቀድቶ ሞላው፤ ቀስ ብሎ መለሰው።

«ሂቡ፣ ፕሊስ። ጋሼ ክረምት ላይ ባሕር ዳር ወስዶ ሊያስተምረኝ ነው። ይሄን ከሰማ አበቃልኝ። አንቺን ማንም ምንም አይልሽም። ይቅርታ ብትዪ በቃ ያልቃል።»

«ያልቃል?» አለች ሂባ። «አባዬ ጋራዥ እንዳትደርሺ ብለውኛል። ሰው ሁሉ እያየ ነው የተሰደብኩት። ለማን ነው የሚያልቀው?»

«እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ማሪያምን!»

«በዓይኔ አየኋት ስትል ምን ይሆናል ብለህ ነበር?»

ፍቅር መሬት መሬት አየ። ባሕር ዳርን እንዴት እንደሚመኘው ታውቃለች፤ ሐይቁ ዳር ስለሚከራየው ክፍል ሳይቀር ነግሯታል። አዘነችለት። ማዘኗ ራሱ አናደዳት።

«እኔ አልናገርብህም» አለችው። «ግን አልሸከምልህም።»

በዚህ መሐል ጋሽ አያሌው ጋቢያቸውን ደርበው ከመንገዱ ማዶ ደረሱ። የወንድማቸውን ልጅ ሲያዩ «አንተም አለህ? ጥሩ» አሉና ወደ ሂባ ዞሩ። «እህ፣ ይቅርታሽን ልስማው እንግዲህ።»

«አልጠይቅም ጋሽ አያሌው» አለች። ዓይኗን ከእሳቸው አልነቀለችም።

«ኑረዲን! ልጅህ...»

አባቷ ከጋራዡ ወጥተው አጠገቧ ቆሙ። «እኔም አላስጠይቃትም» አሉ። «ናና እይ። ያገኘችው እሷ ናት፤ እሷው ታሳይሃለች።»

ሂባ አሳየቻቸው። እርጥቡን ካንዴላና ደረቆቹን ጎን ለጎን አደረገችላቸው። ድፍርሱን ውሃ በብርሃን አሳየቻቸው። ጋሽ አያሌው መጀመሪያ ላይ እያቋረጧት ነበር፤ ኋላ እርጥቡን ካንዴላ ራሳቸው ተቀብለው አሸተቱ።

«ለእሁድ ይደርሳል?» አሉ በመጨረሻ፣ ለኑረዲን።

«አይደርስም። ቴስታታው መውረድ አለበት። በዚህ ሁኔታ ከነዳኸው ሞተሩን ጨርሰህ ታጣዋለህ። ሙሽራዋን ሌላ መኪና ይውሰዳት።»

ጋሽ አያሌው የመኪናቸውን ጣሪያ በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ ቀስ ብለው ሂባን አዩዋት። «ውሃውን ማን ጨመረው?»

አባቷም አዩዋት። ፍቅር የቆመበት ላይ ደርቋል። ሂባ ቦርሳዋን አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገች።

«እኔ አይደለሁም። ማን እንደሆነ ከእኔ አይሰሙትም» አለች። «ፈተና አለብኝ፤ ልሂድ።»

ፍቅርን አልፋው ስትሄድ «ሂቡ» አላት በሹክሹክታ፣ «ጠብቂኝ፣ አብረን እንሂድ።»

«አልጠብቅህም። ስትጨርስ ትደርስብኛለህ።»

መንገዱን ያዘች።  ጥቂት እንደሄደች ፍቅር «ጋሼ፣ ውሃውን...» ሲል ሰማችው። ቀጥሎ ምን እንዳለ አልሰማችም፤ መናኸሪያው ደጃፍ «ደብረ ታቦር! የሞላ ደብረ ታቦር!» የሚለው የረዳቱ ጩኸት ዋጠው። አንገቷ ወደ ኋላ ሊዞር ቃጣው፤ ከለከለችው። የፊዚክስ ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣችና እየሄደች ማንበብ ጀመረች።